የአቶ ቆይ ሰንጢ

የእህቴን ባል በሚሠራበት ሶፋ ቤት ውስጥ «አቶ ቆይ» ይሉታል። ስሙን ሲያወጡለት ብዙም አልደከሙም። ሲጠሩት «ቆይ»፣ ምሳ ቀረበ ሲሉት «ቆይ»፣ ቤትህ እየተቃጠለ ነው ቢሉትም «ቆይ፣ ይቺን ስፌት ልጨርስ» የሚል ዓይነት ሰው ነው። ሥራው ያረጀ ሶፋ ማደስ ነው። አሮጌውን ጨርቅ ይገፍፋል፣ የረገበውን ሞላ በሲባጎ ያስራል፣ ስፖንጅ ቆርጦ ይሞላል፣ አዲስ ያለብሳል። እጁ ወርቅ ነው። ይህን የምመሰክርለት ስለምወደው እንዳይመስላችሁ። ይህ የማወራችሁ ነገር ሲሆን ከግቢዬ የማስወጣበትን ቃል እየመረጥኩ ነበር።

ግቢው የወላጆቻችን ነው። ሁለት ቤት ጎን ለጎን አለ፤ በአንደኛው እኔ፣ በሌላው ታናሽ እህቴና እሱ እንኖር ነበር። ልጅ አልወለዱም። እህቴ ከሞተች በኋላ እኔንና እሱን የሚያገናኘን ከእኔ ግድግዳ ተነሥቶ እሱ ግድግዳ ላይ የሚያልቀው የልብስ ማስጫ ገመድ ብቻ ሆነ። ለምን ላስወጣው እንዳሰብኩ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ሰንጢ ነበረው። ታጣፊ ነው፣ እጀታው እንጨት፣ ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ ሲሞቱ የተዉለት። ከመሳል ብዛት ስለቱ አልቆ ቅጠል አክሎ ነበር። ክር የሚቆርጠው በሱ፣ ብርቱካን የሚልጠው በሱ፣ ጣቱ ላይ የተሰካ ስንጥር የሚያወጣው በሱ። የታሰረ ነገር ባየ ቁጥር እጁ ሳያስበው ወደ ቀኝ ኪሱ ይሄዳል። እህቴ ሰንጢውን «ጣውንቴ» ነበር የምትለው። እንግዳ ሲመጣ፣ «እኔኮ በሰው ላይ ነው የገባሁት። እሷ ኪሱ ውስጥ ትውላለች፣ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ» እያለች ታስቀን ነበር። እሱ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል፣ ብርቱካኑን መላጥ ግን አያቋርጥም።

ከዚያ ኩላሊቷ ታመመና ሆስፒታል ተኛች። በየተራ እያስታመምን ከረምን። በሩ ላይ ፍተሻ አለ፤ ስለት ያለው ነገር አይገባም። ስለዚህ እሱ ሲመጣ ሰንጢውን ቤት ትቶ ነበር የሚመጣው። ያን ቀን ግን ተራው የእኔ ነበር፤ እሱ ሥራ ላይ ነው። ሐኪሙ ፊቱን ሲያጨልምብኝ ሶፋ ቤት ደወልኩና አሁኑኑ ና አልኩት። ከሥራው እንደተነሣ መጣ፣ ሰንጢውም ኪሱ ውስጥ አለ። በር ሲደርስ ደወለልኝ። «በር ላይ ነኝ፣ መጣሁ» አለ።

እህቴ ዓይኗን ሳትገልጥ «መጣ?» አለችኝ። በር ላይ ነው አልኳት። ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠየቀችኝ። በር ላይ ነው አልኳት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም።

እሱ ሲገባ ነርሷ አንሶላውን እያስተካከለች ነበር። የት ነበርክ አልኩት። አልዋሸም፤ ዋሽቶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ፈታሹ ሰንጢውን ሲያገኝበት እዚያ በርሜል ውስጥ ጣልና ግባ ብሎታል። በርሜሉ ውስጥ የገባ ነገር አይመለስም። እሱም እንደ ልማዱ «ቆይ» አለ። መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ሱቅ አደራ ሊያስቀምጥ ሄደ። ባለሱቋ ደንበኛ ይዛ ነበርና ጠበቃት። አስቀምጦ ሲመለስ ሰልፉ ረዝሟል፣ ከኋላ ተሰለፈ። በቃ ይኸው ነው። እህቴ «መጣ?» ስትል እሱ ጣውንቷን እያስቀመጠ ነበር።

እሷ እንደጠየቀችኝ ግን ለሱ አልነገርኩትም። አዝኜለት አይደለም። የማስወጣው ቀን ፊት ለፊቱ ቆሜ ልነግረው አስቀምጬው ነው።

ከቀብሩ በኋላ እንባ አልመጣልኝም። ንዴት እንኳ በደንቡ አልመጣም። ሌሊቱን ሙሉ የተኙበት ክንድ ጠዋት እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፤ ክንዱ የራስ ነው፣ ቢቆነጥጡት ግን የሌላ ሰው ነው። እንደዚያ ነበርኩ። ሰው ሁሉ እንዴት ያለች ብርቱ ሴት ናት ይላል። ልብስ አጥባለሁ፣ አሰጣለሁ፣ አጥፋለሁ። እሱም አላለቀሰም። በነጋታው ይሁን በሳልስቱ አላስታውስም፣ ሥራ ገባ።

ሰንጢውን የሶፋ ቤቱ ባለቤት ሄዶ ከባለሱቋ ተቀብሎ አመጣለት። እሱ ግን አልነካውም። የማሽን ዘይት ከሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አቧራ ለበሰ። እሱ ክሩን በመቀስ፣ መቀስ ሲርቀው በጥርሱ መቁረጥ ያዘ። ጨርቁን በእጁ እየጎተተ ይገፍፋል። እንዲህ ሲያደርግ የደንበኛ ቆዳ ሶፋ ቀደደ። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፣ ግን ሥራ ሥራ ነው። ወይ ያንን አንሣ ወይ ሌላ ግዛ፣ ያለዚያ አብረን አንዘልቅም አለው።

ያን ጊዜ ነው ሰንጢ ማማረጥ የጀመረው። እህቴ አፈሯ ሳይደርቅ! አንድ ሰሞን ባለ ቀንድ እጀታ ይዞ መጣ፣ የሚያምር ነገር። ቀጥሎ መቀስም ጠርሙስ መክፈቻም በሆዱ የያዘ ገዛ። ቀጥሎ በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ቀጭ ብሎ የሚከፈት። እያንዳንዱን ጥቂት ቀን በኪሱ ያዞረዋል፣ ከዚያ የእህቴ ሻርፕ ይቀመጥበት በነበረው መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። አጥር የምትጋራን ጎረቤቴ አፏ አያርፍም፣ «ሰውዬሽ አዲስ ጣውንት እየመረጠ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አፏን አስይዛት ነበር፤ ያን ቀን ግን አንሶላዬን ማጠፌን ቀጠልኩ።

ራቱን የምሰጠው እኔ ነኝ። ላስወጣው ባስብም ጦሙን አላሳድረውም፤ እናታችን እንደዚያ አድርጋ አላሳደገችንም። አንድ ቀን ማምሻውን ሳህኑን ይዤ ስሄድ በሩ ገርበብ ብሏል። እሱ ክፍሉ መሐል ቆሟል፣ መሳቢያው ተከፍቷል። ባለ ቀንዱን ሰንጢ ኪሱ ከተተ። ወደ በሩ መጣ። በሩ ሥር የቆሻሻ ባልዲ አለ። ሰንጢውን አወጣና ባልዲው ውስጥ ጣለው፤ ኳ አለ። ሁለት እርምጃ ያህል ሄደና ቆመ። ዞረ። ባልዲው ውስጥ አየ። ጎንበስ ብሎ አነሣው፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ መሳቢያው ውስጥ መለሰው። ሌላውን አነሣና ያንኑ ደገመ። እሱንም ተመልሶ አነሣው። እኔ ሳህኑን ደፉ ላይ አስቀምጬ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሰውዬው ለቀቀ አልኩ በሆዴ። ላበደ ሰው ውጣልኝ ማለት ደግሞ ይከብዳል፣ ትንሽ ልታገሠው ብዬ ተውኩት።

በመጨረሻ በአንዷ ረጋ። በየትኛዋ ቢሆን ጥሩ ነው? ሆስፒታሉ አካባቢ መንገድ ዳር ሸራ ዘርግቶ ባትሪ ድንጋይ፣ ማበጠሪያና የጫማ ክር የሚሸጥ ሰው አለ፤ ከእሱ የገዛት፣ እጀታዋ ቀይ ፕላስቲክ የሆነች። ስትከፈት ትወላገዳለች፣ ስትዘጋ ጣት ትነክሳለች። ጠዋት ብትሳል ለምሳ ዱልዱም ናት። ሶፋ ቤት ሳቁበት፤ ይቺማ ቅቤም አትቆርጥ፣ ለልጅ መጫወቻ ስጣት አሉት። ባለቤቱ የራሱን ሰንጢ ሊሰጠው ቢፈልግ እምቢ አለ። በዚያች ጉድ ሥራውን እንደ ድሮው አሳመረ። በየመሐሉ እየሳለ፣ እየሳለ፣ አንድም ቀን ሳያማርር። ሌሎቹ መሳቢያ ውስጥ ቀሩ፤ እጁ ወደ ቀኝ ኪሱ መሄድ እንደገና ለመደ።

እኔ ግን አንድ ጠዋት ገመዱ ሥር አገኘሁትና አፌ አላስቻለኝም። ያን የመሰለ የሽማግሌ ሰንጢ አቧራ እየጠጣ፣ መሳቢያ ሙሉ ብረት እያለህ፣ ከሁሉ ይቺ? ምኗ ነው የተወደደልህ አልኩት።

«እትዬ፣ ይቺ ትበቃኛለች» አለ፣ ሄደ።

ለሰንጢ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ለሰው ግን... ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። የዚያን ዕለት ቁርጥ አደረግሁ። ወሩ ሲያልቅ ዝናቡ ሳይገባ ሌላ ቤት ፈልግ እለዋለሁ፤ ለምን ካለኝ «መጣ?» ብላ እንደነበር እነግረዋለሁ። ነገሩን ሳስበው ልቤ አልመታም፣ አልሞቀኝም አልበረደኝም። ሒሳብ እንደመዝጋት ያለ ነገር ነበር።

ወሩ ሳያልቅ እኩለ ቀን ላይ አንሶላ እያሰጣሁ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ መሰለኝ። ግራ ክንዴ ከዳኝ፣ ገመዱን ይዤ ቁልቁል ሄድኩ። ጎረቤቴ አጥሩን ዘልላ ነው መሰለኝ መጣች። ማንን ልጥራ ስትለኝ ከሱ በቀር የምጠራው ሰው እንደሌለኝ ያን ጊዜ አወቅሁ። ደወለችለት። እኔ መሬቱ ላይ ሆኜ፣ አሁን «ቆይ» ይላታል እያልኩ ነው።

መኪና ይዞ መጣ። ጸጉሩ ላይ የስፖንጅ ብናኝ፣ ትከሻው ላይ ክር። ተሸከመኝ ማለት ይቻላል። ያው ሆስፒታል ነው፣ ያው በር፣ ያው በርሜል። ሰልፍ የያዙት ሰዎች መልኬን ሲያዩ ገለል አሉልን። ፈታሹ ያ የድሮው አይደለም፤ ሌላ ነው፣ ልጅ እግር። የእሱን ኪስ ዳበሰና ቀይዋን አወጣት። ደረቴ እየተሰነጠቀ እንኳ ዓይኔ እሷ ላይ ነው፤ ዕድሌ ሆኖ፣ እህቴን ያስጠበቀ ሰንጢ እኔንም በር ላይ ሊያስቀረኝ ነው አልኩ። ልጁ ደግ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቺ አትገባም። ግን ግድ የለም፣ እኔ ጋ ትቆይልዎት፤ መረከቢያ ቁጥር ላምጣልዎት» አለው።

«ጣላት» አለ።

እግሩ አልቆመም። ከኋላችን ኳ ሲል ሰማሁ። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ያን ማምሻ ባልዲው ውስጥ የሰማሁት ነው። ክንዴን የያዘው እጁ አልላላም፣ አንገቱም አልዞረም፤ ደረጃውን ወጣን።

ልብሽ ነው አሉኝ፤ ሽቦ አሰሩብኝ፣ መርፌ ወጉኝ። ሐኪሟ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። ስነቃ እሱ አልጋው አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፣ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው። ሰንጢህን ጣልካት እኮ አልኩት።

«ለዚያ ነው እሷን የመረጥኩት። ሌሎቹ ወደኋላ ያስዞሩኛል» አለ።

ግድግዳውን አየሁ። ያን ማምሻ ባልዲው አጠገብ ሲጥል ሲያነሣ የነበረው ሁሉ አንድ በአንድ መጣልኝ። አሁንም የማላለቅስ ከሆነ መቼ ነው የማለቅሰው ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። የተኛ ክንድ ሲነቃ መርፌ መርፌ እንደሚለው ያለ ነገር ብቻ ተሰማኝ።

እሱ ወለሉን እያየ፣ «ያን ዕለት... ስለ እኔ ጠይቃ ነበር?» አለ።

ይህን ሁሉ ጊዜ ያስቀመጥኩት ቃል ነው። እንዴት አድርጌ እንደምለው፣ የት ቆሜ እንደምለው ሁሉ አውቅ ነበር። አሁን ሲወጣ ግን እንደዚያ ሆኖ አልወጣም።

«ጠይቃኛለች። በር ላይ ነው አልኳት» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «እውነት ነው፣ በር ላይ ነበርኩ» አለ። ከዚያ ተነሥቶ ብርድ ልብሱን እግሬ ላይ አስተካከለ። ወሩ ስንት እንደቀረው አላሰብኩም። ሌላ ቤት ፈልግ የሚለውንም ነገር ከዚያ ወዲያ አላነሣሁትም፤ እንደማላነሣውም እዚያው አልጋው ላይ አወቅሁ።

የተለቀቅሁ ቀን ክንዱን ይዤ ወጣሁ። በርሜሉን ስናልፍ እሱም አላየው፣ እኔም አላየሁት። መኪና ወደሚጠበቅበት ጥግ ስንደርስ የሻንጣዬ ገመድ ተፈትቶ ጫፉ መሬት ለመሬት መጎተት ጀመረ። ሊቆርጠው እጁ ወደ ቀኝ ኪሱ ሄደና ባዶውን ተመለሰ። ሸራ ዘርግቶ የሚሸጠው ሰውዬ እዚያው ነበር። ማበጠሪያ፣ የጫማ ክር፣ ከጎናቸው ቀያዮቹ ሰንጢዎች ተደርድረዋል። እሱ አላማረጠም፤ ከዳር ያለችውን አነሣ፣ ከፈታት፣ ተወላገደች፣ ዘጋት።

«ሁለት አድርግለት» አልኩት ሰውዬውን።

እሱ ዞር ብሎ አየኝ። አንደኛዋን ኪሱ ከተተ፣ ሁለተኛዋን ለእኔ ሰጠኝና ቦርሳዬ ውስጥ አስገባኋት። መኪናው መጣ፣ ወደ ቤታችን ሄድን።