ካዳፎ እና የጂኒዎች ኮረብታ

ካዳፎ ጀልባው ላይ ሲቀመጥ አንደበቱ ይፈታል። ከጉቤት ባሕር መሐል ብቅ ስላለችው የጂኒዎች ኮረብታ ሲያወራ፣ መዶሻ ይዘው የሚመጡት የድንጋይ ተመራማሪዎች እንኳ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙታል። እነሱ ምድር እዚህ ጋ እየተሰነጠቀች ነው፣ ኮረብታዋም ከባሕር ሥር የፈነዳ እሳት ናት ይላሉ። እሱ ደግሞ ማታ ማታ ስለሚጨፍሩባት ጂኒዎችና እጅ ያቃጥላል ሲባል ስለሰማው አመዷ ይተርካል። እነሱ ኮረብታዋ ላይ ሲወርዱ ግን ከጀልባው ንቅንቅ አይልም፤ «ሞተሩን ማን ይጠብቅ?» ነው መልሱ።

አንድ ጠዋት ሽማግሌው ጋዶ ግመላቸውን እየሳቡ ካዳፎ ወዳለበት ባሕር ዳር ደረሱ። አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ዳሀቦ የካዳፎ የአክስት ልጅ ናት፤ በአፋር ወግ ለእሱ ሚስትነት የምትገባ። እንደ ደንቡ ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው ዳጉ፣ የመንገደኛ ወሬ፣ ተለዋወጡ። በዳጉ ያዩት ለብቻ፣ የሰሙት ለብቻ ይነገራል። ይህን የደባለቀ ሰው ሚስት ቀርቶ የሚያምነው ጎረቤትም አያገኝ።

«እስቲ ምን አየህ?» አሉት።

ዳሀቦ ፍየል እያሰረች ትሰማለች። ምላሱ ቀደመው።

«የጂኒዎች ኮረብታ አናት ላይ ወጣሁ! አመዱ አሁንም እጅ ያቃጥላል!»

«በዓይንህ አየህ?»

«በዓይኔ! በእጄም ነካሁት!»

«ደግ፤ ወሬውን ይዤው እሄዳለሁ» አሉ ጋዶ።

ካዳፎን ላብ አጠመቀው። ወሬው ታጁራ ከተማ ሲደርስ፣ ከጀልባው ወርዶ እንደማያውቅ የሚመሰክር አይጠፋም። ያለው አንድ መላ ሄዶ ውሸቱን እውነት ማድረግ ነው። ጀልባውን ገፋ።

«ወዴት ነው?» አለች ዳሀቦ።

«ዓሣ ላጠምድ!»

«መረብህንስ?» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ኮረብታዋ ሥር ሲደርስ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ ደግሞ በአራት እግሩ መውጣት ጀመረ። ጥቁሩ ጠጠር ከእግሩ ሥር ሲንሸራተት ካዳፎ ይጮኻል፤ ጩኸቱን ሰምታ አንዲት ወፍ ስትበር የባሰ ይጮኻል። አናቷ ላይ ከነፋስና ከወፍ ኩስ በቀር ምንም አልነበረም። እጁን አመዱ ውስጥ ከተተ። ቀዝቃዛ ነው። ወዲያ ማዶ ሞከረ፤ ቀዝቃዛ። አፈር በላሁ አለ።

ሲመለስ ጋዶ ከግራሩ ጥላ አልተነሡም።

«አልሄዱም እንዴ፣ አጎቴ?»

«ፀሐዩ ይብረድ ብዬ። ምን አየህ?»

ዳሀቦ ፍየሎቿን ትታ ቀና አለች። ካዳፎ አመድ የለበሰ እጁን ዘረጋ።

«አመዱ ቀዝቃዛ ነው። የጠዋቱ የሰማሁት ነበር፤ ይሄ ያየሁት ነው።»

ሽማግሌው አሸዋቸውን አራግፈው ተነሡ።

«ይሄኛውን ነው ይዤ የምሄደው» አሉ። «አባትህን ላክልኝ።»