እሾህ ያለው ዶሮ ወጥ

በዚህ ጳጉሜን ማብቂያ ከእናቴ ጋር ካርቱም ተመልሰን የጀሪፍ ቤታችንን ደጃፍ ስረግጥ፣ መጀመሪያ የተቀበለኝ የደለል ሽታ ነበር። በሩም መስኮቱም ተነቅሎ ስለተወሰደ፣ በክረምቱ ሙላት የደፈረሰው ወንዝ ሽታ ያለ ከልካይ ገብቶ ሳሎኑን ሞልቶታል። ከግድግዳው ውስጥ የመብራት ሽቦው እንኳ ተመዞ ወጥቷል። ዘራፊው አልቸኮለም፤ ተረጋግቶ፣ ጊዜ ወስዶ ነው የገፈፈን። ያ ሽታ ሳልወድ በግዴ ወደ ልጅነቴ ጎተተኝ።

አባቴ ዑስማን ሱዳናዊ፣ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር የአውቶቡስ መካኒክ ነበር። እናቴ ጥሩወርቅ በወጣትነቷ ከጎንደር መጥታ እሱን አግብታ የቀረች ሴት ናት። አዲስ ዓመቱ የእሷ ነው፤ ጳጉሜን ሲገባ የሚቸኩለው ግን እሱ። ከሥራው፣ የድልድዩን የመኪና ግርግር እየተራገመ ይገባና፣ የእጁን ግራሶ ታጥቦ ሳይጨርስ «ያላ ጥሩ፣ ውጪ፣ አገርሽ መጥቷል!» ይላታል። እኔን አስከትለው ወንዝ ዳር ይወርዳሉ። ከእሷ አገር ደለል ጭኖ የወረደውን ቡናማ ውኃ በኩራት፣ ራሱ ቀድቶ እንዳመጣው ሁሉ ያሳያታል። እሷም «አፈሩማ መጣ፤ ሰው የለበትም እንጂ» ትለዋለች። በየዓመቱ ያንኑ ይባባላሉ፣ በየዓመቱም አዲስ ነገር እንደሰማ ሰው ይስቃሉ።

የበዓሉ ጣጣ ዶሮው ነበር። አባቴ ቢስሚላህ ብሎ ቢያርደው እናቴ አትበላም፤ ክርስቲያን ጎረቤት ቢያርደው አባቴ አይበላም። በተጋቡ በመጀመሪያው እንቁጣጣሽ ዶሮዋ እግሯን እንደታሰረች ሲከራከሩ ውለው፣ ሲመሽ ዶሮዋ ራሷ አሸንፋ ለእንቁላል ቀረች አሉ። በሁለተኛው ዓመት አባቴ መላ አመጣ። ዓሣ ገዝቶ ገባና «ይሄ ሃይማኖት የለውም» አለ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ሽንኩርቱን በደንብ አቁላልታ፣ ከጎንደር የተላከላትን በርበሬ፣ ቅቤውን፣ ቅመሙን፣ የተቀቀለውን እንቁላል አንድም ሳታጎድል፣ ዶሮ ወጧን በዓሣ ትሠራ ነበር። እኔማ ነፍስ እስካውቅ ድረስ ዶሮ ማለት እሾህ ያለው ነገር ይመስለኝ ነበር።

ይህን ሰላማችንን አጥብቃ የጠላችው የአባቴ ታላቅ እህት፣ ዓምቲ ነፊሳ ናት። ወላጆቻቸው ሲሞቱ አባቴን ያሳደገችው እሷ ስለሆነች፣ ፊቷ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። በየበዓሉ መጥታ ስለ «ሐበሻይቱ» የምትናገረውን አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ፣ በልጅነት አቅሜ እሱን ራሱን እጠላው ነበር።

አንድ ዓመት ታዲያ በእንቁጣጣሽ ቀን፣ ማዕዱ ቀርቦ ልንቀመጥ ስንል፣ ዓምቲ ታርዶ የተበለተ ዶሮ ይዛ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችውና «ዛሬ ይሄ ይሠራ። እኔው ፊት ትብላ። ካልበላች የወንድሜ ሚስት አይደለችም» አለች።

እናቴ ጭልፋዋን እንደያዘች ቆመች።

«ዑስማን» አለችው በአማርኛ፣ «እኔ ከተናገርኩ ነገሩ አይበርድም። አንተ ተናገር።»

አባቴ ዶሮውን አንስቶ ወጣ። ለጎረቤት ሰጥቶ ተመለሰና እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ።

«እህቴ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ይህችን ሴት ከአገሯም ከወገኗም ለይቻታለሁ። ከእምነቷም ልለያት?»

ከዚያም እሾሁን አንድ በአንድ ለቅሞ፣ የዓሣውን ወጥ በእንጀራ ጠቅልሎ፣ እዚያው እህቱ ፊት እናቴን አጎረሳት። ዓምቲ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዋ ያየች አይመስለኝም። ቶቧን፣ ያን ረጅም መከናነቢያዋን፣ ወደ ትከሻዋ ወርውራ ሳትሰናበተን ወጣች፤ ደጃችንንም ዳግም አልረገጠችም። እናቴ ስታላምጥ ታለቅስ ነበር። አባቴ ያን ቀን አንድ ጉርሻ እንኳ አልወረደለትም።

እንዲህ ከገዛ ደሙ ተጣልቶ ያቆመውን ቤት ነው እንግዲህ ጦርነቱ የበላው። ጥይቱ ጀሪፍ ሲደርስ እኔንና እናቴን ወደ መተማ የሚሄድ መኪና ላይ አሳፈረን። «ቤት ባዶ ከተገኘ ይወረሳል፤ ትንሽ ይረጋጋ፣ ኢንሻአላህ እከተላችኋለሁ» አለ። ስኳር ነበረበት። መድኃኒቱ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ መብራት ሲያጣ፣ ፋርማሲው ሲዘረፍ፣ ሁለት ሠራዊት አንዲትን ከተማ እንደ ሥጋ ሲጓተቱባት፣ የኔ አባት አልጋው ላይ ሞተ። ወደ መካነ መቃብር መውጣት ስላልተቻለ ጎረቤቶቹ ግቢያችን ውስጥ፣ ኒም ዛፉ ሥር ቀበሩት። ከሁለቱ ወገን አንዱም ይቅርታ አላለንም፤ ማን እንደገደለውም የሚጠይቅ የለም፣ ስኳር ነዋ!

በተመለስን ማግስት፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት፣ እናቴ የመቃብሩን ዙሪያ ስትጠርግ ከተማዋን አሁን ከሚቆጣጠረው ሠራዊት አንድ መሣሪያ የያዘ ጎረምሳ ገባ። እናቴን ከላይ እስከ ታች አየና ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ጠየቃት። ጊዜው አልፎበታል።

«የውጭ ሰው እዚህ መቆየት አይችልም። ወደ አገርሽ» አላት።

እናቴ ዓረብኛውን ከኔ እኩል ትናገራለች። ያን ጊዜ ግን ንዴቷ በአማርኛ ገነፈለ።

«ባሌን ከዚህ አፈር አውጥተህ ስጠኝ፤ አሁኑኑ እሄድልሃለሁ! የበላችሁት እናንተ፣ የምባረረው እኔ?»

ጎረምሳው ወደኔ ዞሮ «ምን አለች?» አለኝ። የያዘውን መሣሪያ አየሁና «ባለቤቷ እዚህ ስለተቀበረ ጥቂት ቀን ስጡኝ ነው የምትለው» አልኩት። መቃብሩን ገልመጥ አድርጎ «ነገ እንመጣለን» ብሎ ሄደ።

በር ይተካል፣ ሽቦም ይገዛል። ለአንዲት ሴት ክብር ሲል ያሳደገችውን እህቱን ያጣ ሰው ግን ከየት ይመጣል? ይህን ሳስብ እናቴ መጥረጊያዋን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። አላለቀሰችም።

«ሰምቼሻለሁ» አለችኝ። «ነገ ሲመጡ እንዳታስተረጉሚልኝ። እኔው በቋንቋቸው እነግራቸዋለሁ።»