የቢሻን ኮር የሎህሪ ሰፌድ

ቢሻን ኮር ስትቆጣ ያላየ ሰው ስለ ቁጣ ባያወራ ይሻላል። ልጇ ላብ ሲንግ ከነጭነት መኪናው በደራሽ ውሃ በተወሰደበት ዓመት፣ በሎህሪ የእሳት በዓል ማታ ቤት ለቤት እየዘፈኑ ማገዶና ጣፋጭ የሚለምኑት የመንደሩ ልጆች ደጇን ዘለው አለፉ። ሐዘን ከገባበት ቤት ደጅ አይዘፈንማ። እሷ ግን ሰሊጥና ኦቾሎኒ የሞላ ሰፌዷን እንደያዘች መንገድ ላይ ወጣችባቸው።

«እናንተ! ማን ሞተና ነው ቤቴን የምትዘሉት? ሬሳ አይታችኋል?»

ሬሳማ ማንም አላየም፤ ወንዙ አልመለሰውም። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ በየዓመቱ መጀመሪያ የሚሄዱት እሷ ዘንድ ሆነ፤ ግማሹ ለጣፋጩ ብሎ፣ ግማሹ ምላሷን ፈርቶ። መንደሩም አብሯት ዋሸ።

ውሸቱ የከበደው በምራቷ በኒንደር ላይ ነው። ኒንደር በዚያ ዓመት አዲስ ሙሽራ ስለነበረች፣ ቀይ ልብሷን ለብሳ ከእሳቱ ዳር የክብር ቦታ ልትቀመጥ ነበር። ልብሱ ሳጥን ውስጥ ቀረ። ሚስት እንዳትባል ባል የላት፤ መበለት እንዳትባል አማቷ «ይመጣል» ትላለች። ዓይኗ እንባ ባቀረረ ቁጥር ቢሻን «በልጄ ላይ አታሟርቺ!» እያለች ትጮህባታለች። ምስኪን፣ እርሟን እንኳ ሳታወጣ ኖረች።

ዘንድሮ በሎህሪ ዕለት ጠዋት የኒንደር ወንድም መጣ። ሚስቱ የሞተችበት አንድ ደግ ገበሬ ጠይቋታል።

«እትዬ፣ እርስዎ እሺ ካሉ...» አለ ጥምጣሙን እየነካካ።

«ባል ያላት ሴት ልትድር መጣህ? ውጣልኝ!»

ወጣ። ኒንደር ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ልጆቹ የሚበሉትን ሰሊጥ ትለቅም ጀመር። ቢሻን አሁንም እየተንጨረጨረች ከኋላዋ ስትደርስ የኒንደር ሻሽ ሸርተት ብሎ ኖሮ፣ ፀጉሯን አየችው። ሸብቷል። ይቺ ልጅ እኔ ቤት አረጀች፣ አለች በልቧ፤ ቁጣዋም ወዴት እንደሄደ ጠፋባት።

«ተይው ሰሊጡን» አለቻት።

«ልጆቹ ይመጣሉ እኮ፣ እማ።»

«ተይው አልኩሽ።»

ሲመሽ ልጆቹ እየዘፈኑ ደረሱ። በሩ ዝግ ነው።

«እማማ! ሎህሪያችንን!» ትንሿ ልጅ በሩን ደበደበች።

ቢሻን ገርበብ አድርጋ ከፈተችው። እጇ ባዶ ነው። ልጆቹ ስድብ ጠብቀው ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

«እለፉ፣ የኔ ልጆች» አለች በቀስታ። «እዚህ አይዘፈንም። ልጄ ሞቶብኛል።»

በሩን ስትዘጋው ኒንደር ግቢው መሀል ተዘርፍጣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ባሏን ስታለቅሰው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ቢሻን አጠገቧ ቁጭ ብላ ራሷን ጉልበቷ ላይ አስደገፈቻት።

«አልቅሺው» አለቻት። «አልቅሺውና ነገ ወንድምሽን አስጠሪው።»