የአስተርጓሚው መኪና

ሜካኒካል ምሕንድስና ከማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ አጠገብ፣ ሻርጃ ሙዋይለህ ሰፈር ካለው መኖሪያዬ የወሰዱኝ ስለ ሀገር ቤቱ ጦርነት በስልኬ ባሰራጨሁት ጽሑፍ ምክንያት ነው። ያሰሩኝ እዚያው ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ጠርዝ ላይ፣ ቀድሞ ጋራዥ በነበረ ቤት ውስጥ ነበር። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ዘይት ጠጥቷል። በብረት የታጠረች አንዲት መስኮት ወደ መኪና ማቆሚያው ታሳያለች።

አብራኝ የታሰረችው ወሎዬ ሴት በጎረቤት ከተማ በአጅማን፣ አል ኑዓይሚያ ሰፈር የቤት ሠራተኛ ነበረች። ጥፋቷ የእኔን ጽሑፍ ለጓደኞቿ ማስተላለፏ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ኢንሱሊኗ አሠሪዋ ማዳም ፍሪጅ ውስጥ ቀርቷል። በሦስተኛው ቀን ውኃ በጠጣች ቁጥር ታስመልስ ጀመር፤ ትንፋሿ የበሰበሰ ፍሬ ይሸት ነበር። ነርሷ የምትመጣው እሑድ ነው ተባልን። ቀኑ ረቡዕ ነበር።

መድኃኒቱን ከማዳሟ ቤት አመጣለሁ ያለው አስተርጓሚው ነው፤ ቃላችንን ወደ ዐረብኛ የሚመልስ የሀገራችን ሰው። አሮጌ መኪናው ግን አልነሳ አለችው።

«ባትሪዋ ሞቷል። ኸላስ፣ ነገ እሄዳለሁ» አለ።

«ባትሪው ደህና ነው» አልኩት በመስኮቱ። «ቢደክም ኖሮ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ እንዲህ ቀልጥፎ አይዞርም ነበር።»

ሳቀ። «የተማርሽው ሜካኒካል በጠመኔ ነው በመፍቻ፣ ዶክተር?»

«ቁልፉን በከፊል ያዙሩት፤ አያስነሱት። ከኋላ ወንበር ሥር ዝዝ የሚል ድምፅ ይሰማዎታል?»

ጆሮውን ደፋ። «ምንም።»

«እንግዲያው የቤንዚን ፓምፑ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም። ኮፈኑን ይክፈቱ። የፓምፑን ፊውዝ ይዩ።»

«አልተቃጠለም።»

«አጠገቡ ያሉት ትንንሽ ጥቁር ሳጥኖች ኤሌክትሪክ የሚያገናኙ ሪሌዎች ናቸው። የፓምፑንና የክላክሱን ያቀያይሩ፤ አንድ ዓይነት ናቸው።»

«ያለ ክላክስ አጅማን ልግባ?»

«በትሕትና ይንዱ።»

ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። ወሎዬዋ ከፍራሿ ላይ፣ «ዋላሂ፣ ይች ሴት በጆሮዋ ነው የምታይ» አለች። ደስ አለኝ። መኪናው ከግቢው ሲወጣ የማስበው ስለ ሴትዮዋ ሕመም አልነበረም፤ የመኪናውን ብልሽት በትክክል ስለ ማግኘቴ ነበር።

ረፋድ ላይ ሄዶ የተመለሰው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው።

«እንደ አዲስ ሆነችልሽ!» አለኝ። «ምሳ ልበላ አቁሜያት ሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ዋለች፤ በአንድ ቁልፍ ተነሣች።»

«መድኃኒቱስ የት ነበር?»

«እዚያው መኪናዋ ውስጥ። ማን ይሰርቀዋል?»

ወሩ ነሐሴ ነበር። እስክሪብቶ የመሰለውን መርፌ በብረቶቹ መካከል አቀበለኝ። ፕላስቲኩ ይፋጃል። ጥርት ማለት የነበረበት ፈሳሽ ደፍርሶ ነጫጭ ክር መሳይ ነገር ይንሳፈፍበት ነበር።

«ተበላሽቷል» አልኩ። «ከእንግዲህ አይሠራም።»

«ሹግሌ መተርጎም እንጂ ነርስነት አይደለም። አምጣ አላችሁ፣ አመጣሁ። ተቀብያለሁ ብላ ትፈርምልኝ።» ወረቀት ዘረጋ።

ወሎዬዋ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። ሻሿን አስተካከለች። መርፌውን ከእጄ ወስዳ በብረቶቹ መካከል መለሰችለት።

«እንካ ወንድሜ» አለችው። «ለመኪናህ ውጋላት።»

ወረቀቱን አልነካችውም። እሱ እስኪሄድ ድረስ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ በኋላ ነው የተቀመጠችው።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዎች በቃሬዛ አወጧት። የት እንደወሰዷት ጠየቅሁ፤ የነገረኝ የለም። እኔ ከሀገሩ እስክባረር ድረስም ወሬዋን አልሰማሁም።

ዛሬ በሌላ ከተማ አስተምራለሁ። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበር፤ ኢንሱሊን ሙቀት እንደማይችል የማውቀው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ለዚያ ሰው ስለ ባትሪ፣ ስለ ፊውዝ፣ ስለ ሪሌ በቅደም ተከተል አስረዳሁት። «በበረዶ ይዘውት ይምጡ» አላልኩትም። ለዓመታት ድንቁርናውን ስረግም ኖሬአለሁ። እሱ አላወቀም። እኔ ዐውቅ ነበር።