ኦቾሎኒ የሌለበት

በሃሎዊን ምሽት በሬን የሚያንኳኩት ጭምብል ያጠለቁ፣ ቤት ለቤት ከረሜላ የሚለምኑ ልጆች ናቸው። እሷ ግን ጭምብል የሌላት፣ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። የልጅ ባልዲ አንጠልጥላለች።

«ከረሜላው ለልጄ ነው። አሞት መኪና ውስጥ ቀርቷል» አለችኝ።

«አምናም አሞት ነበር! እንዳትሸወጂ!» ስትል ጎረቤቴ ዶሪን ከበረንዳዋ ጮኸች።

ቅር እያለኝ አንድ ቸኮሌት ሰጠኋት። መብራቱ ሥር ጠጋ ብላ የሽፋኑን ጽሑፍ አነበበችና መለሰችልኝ።

«ኦቾሎኒ አለበት፤ ለልጄ መርዝ ነው። ሌላ የለሽም፣ እህቴ?»

ጭራሽ ታማርጣለች! ቀየርኩላትና ውሸቷን ላጋልጥ እስከ መኪናዋ ተከተልኳት። የኋላው ወንበር ላይ ልጅ የለም፤ ትንሽ የሃሎዊን የንብ ልብስ ብቻ በቀበቶ ታስሮ ተቀምጧል። ባልዲውን አጠገቡ አኖረች።

«ዘንድሮ ሁሉንም አንብቤዋለሁ» አለችው። «ብላ፣ የኔ ጌታ።»