የነጋዴው ዝግባ

ሐሊማ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ክርና መርፌ መሸጥ ከጀመረች አርባ ዓመት አልፏታል። ከሱቋ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ዝግባ ነበር። ቅድመ አያቷ ኑሩ አሞሌ ጨው በበቅሎ ጭኖ ሲመጣ መጀመሪያ ያራገፈው ከዚያ ዛፍ ሥር ነው፤ ጎጆውንም እዚያው ቀለሰ፤ ሌሎቹ ነጋዴዎች እሱን አይተው ሰፈሩ። ይህን ከአባቷ ሰምታ ለልጆቿ ነግራለች።

በሰኔ በረዶ የቀላቀለ ውሽንፍር የስንቱን ቆርቆሮ ገልጦ፣ ዝግባውን ከነሥሩ ነቅሎ አስተኛው።

በሳምንቱ የከተማውን ታሪክ የሚያሰባስበው መምህር ሙላቴ ደብተሩን ይዞ መጣ።

«እማማ ሐሊማ፣ የመጀመሪያው ነጋዴ ቤት በነበረበት ሰሌዳ ልናቆም ነው። እስቲ ይንገሩኝ።»

ነገረችው። ገብስ ሸጠው የሚመለሱት ሽማግሌ አያ ሞገስ ዱላቸውን ተደግፈው ያዳምጡ ነበር።

«እታለም፣ ይኼ ዛፍ እኮ የኔ እኩያ ነው» አሏት። «የጥንቱ ዝግባ ከወንዙ ማዶ ነበር። መብረቅ ጣለው።»

«አይተውታል?»

«ኧረ የት አይቼው! አባቴ ነው የነገረኝ።»

እሷም የያዘችው የአባቷን ቃል ነው። ሙላቴ መጻፉን አቁሞ ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው።

በማግስቱ ሱቋን ዘግታ ወንዙን ተሻገረች። ማዶ ባሕር ዛፍና አዲስ የብሎኬት ቤት እንጂ ሌላ የለም። ልብስ የምታሰጣ ሴት «ምን ጠፋብዎት?» አለቻት።

«ቤት።»

«የማን ቤት?»

ሐሊማ ወደ ገበያው ዞር ስትል የገዛ ሱቋ በር በቀጥታ ታያት። አባቷ ታሪኩን ሲነግራት እዚያ በር ላይ ቆሞ በከዘራው ያመለክት ነበር። ያመለከተው ዛፉን ይሁን ከዛፉ አልፎ ማዶውን፣ ያን ጊዜ አልጠየቀችውም።

ሙላቴ ሲመለስ «ሁለቱንም ጻፍ፤ የቱ እንደሆነ እኔም አላውቅ» አለችው።

«ሰሌዳው እኮ አንድ ነው፣ እማማ።»

በመስከረም ሰሌዳው ቆመ። የቆመው ከሱቋ ፊትም አይደለም፣ ከማዶም አይደለም፤ ባዶ ቦታ በተገኘበት በአስፋልቱ ዳር ነው። «የመጀመሪያዎቹ ነጋዴዎች በዚህ አካባቢ ሰፈሩ» ይላል። የኑሩ ስም የለበትም። ምራቷ ሰልማ ቆማ አነበበችውና «እዚህ ነበር እንዴ?» ስትል ጠየቀቻት።

«አካባቢው ነው» አለች ሐሊማ። መንገዷንም ቀጠለች፤ እውነት ተናግራ እንደሆነ ግን ለራሷም አልታወቃትም።