የአክስቴ ፉካ

አክስቴ ከሕያው ሰው ጋር መስማማት አልሆነላትም። የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ጠባቂ ሆና ስትቀጠር እሷም እኛ ሰፈርተኞቹም እፎይ አልን። እዚያ ታች ግድግዳው ውስጥ እንደ መሳቢያ የተደረደሩ ፉካዎች አሉ፤ በየፉካው አንድ ሟች ይተኛል። ስሙ ክዳኑ ላይ በቀለም ይጻፋል፣ ግድግዳው ኖራ በተቀባ ቁጥርም እንደገና ይጻፋል። አክስቴ ጠዋት ጠዋት መጥረጊያዋን ይዛ ትወርድና እየጠረገች ትሰድባቸዋለች። "የማይመልስ ሰው ደስ ሲል!" ትላለች።

ከሁሉም ስድቡ የሚበዛው ለባሏ ነበር። ቆርቆሮ መቺ ነበር፤ ሞቅ ብሎት ከጣሪያ ወደቀና ቅልጥሙ ተሰበረ፣ ሲጠገንም እንደ ጠባዩ ጠማማ ሆኖ ቀረ። አልጋው መሃል ተንጋሎ ስለሚተኛ፣ አክስቴ ትዳሯን ያሳለፈችው "ወደ ግድግዳው ጠጋ በል!" እያለች ነው። ሲሞት እርጥበት ባለበት ጥግ፣ ከአንድ ዳኛ ጎን ፉካ ደረሰው። ለእሷ ግን ለአገልግሎቷ ተብሎ በደረቁ በኩል አንድ ፉካ ተሰጣት። "እዚህ ብቻዬን ተንፈላስሼ ነው የምተኛው" እያለች በየቀኑ ትወለውለዋለች።

አንድ ክረምት ውኃ ገባና የጥጉን ስሞች ሁሉ አጥቦ ወሰዳቸው። ቄሱ ወርደው አዩ።

"ግድግዳው ሊናድ ነው። የነዚህ አፅም ወጥቶ በአንድ ጉድጓድ ይግባ።"

"ባሌስ?"

"ከሌሎቹ ጋር ነዋ።"

"አይደረግም፣ አባ! በቁሙ ከስንቷ ጋር ሲደባለቅ ኖሮ፣ አሁን ደግሞ እኔው ልደባልቀው?"

ቄሱ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። "እንግዲያው ለይተሽ አውጪው። ግን ያንቺ ካልሆነ በቀር ባዶ ፉካ የለም።"

በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ ባትሪ ያዝኩላት። ስትሰድበው የኖረችውን ፉካ ከፈተች። ቅልጥሙ ቀጥ ያለ ነው። ለካ ቀለም ቀቢው ሁለቱን ስሞች አቀያይሯቸው ኖሯል።

"ዳኛውን ነው እንዴ ሰካራም ስል የኖርኩት?"

"ይግባኝ አላለም" አልኳት።

አልሳቀችም። ቀጥሎ ያለውን ስትከፍት ያ ጠማማ ቅልጥም ብቅ አለ። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ ከዚያ እንባዋ መጣ። አክስቴ ስታለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፣ አንጀቴን በላችው።

"ይሄን ሁሉ ዓመት ያናገረህ የለም ማለት ነው" አለችው።

አፅሙን በነጠላዋ ጠቅልላ ተሸከመችና በደረቁ በኩል፣ በራሷ ፉካ ውስጥ አስተኛችው።

"አንቺስ?" ብላት፣ "እኔ መች ሞትኩ?" ብላ መጥረጊያዋን አነሳች።

አምና ሞተች። ቄሱ ሌላ ቦታ እንፈልግላት ቢሉም እምቢ ብዬ ያንኑ ፉካ አስከፈትኩ። ጥቅሉ ተፈቶ አፅሙ እንደ ልማዱ መሃል ላይ ተዘርግቷል። ሳጥኗ አልገባ አለ። እጄን ሰደድኩና አፅሙን ቀስ አድርጌ ወደ ግድግዳው ገፋሁት።

"ጋሼ" አልኩት፣ "እስቲ ዛሬ እንኳ ጠጋ በልላት።"